ከባንቺ ሲቪ ላይ የወጣሁበት ሳምንት

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ሳይጠራ ዕቃ የሚያስነካ ነጋዴ የዋህ ነው። ሁለት የሥራ ቀን ሄዶብኛል። ከሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወርዷል። ከሚስቴ ሲቪ ላይ ደግሞ ስሜ ከነማዕረጉ ተፍቋል። ማዕረጌ «ፈቃድ ያለው ነጋዴ» የሚል ነበር፤ የሰጠሁትም ራሴ ነኝ።

ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ሽንኩርቱን ከዳባት ገበሬዎች እገዛና በአይሱዙ ሊማሊሞን አስወርጄ ለቆላው እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ መናኸሪያ ነው፤ እዚያ ፈተናው በየቀኑ ነው፣ የወደቀም አይደግምም።

መናኸሪያ ሳልገባ በፊት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱም አለመፈረም ነው። አባቴ ለአክስቱ ልጅ ዋስ ሆኖ ፈረመ። የአክስቱ ልጅ ማዳበሪያውን በዱቤ ወስዶ ወደ ቆላ ወረደና እዚያው ቀረ። ከበረታችን አንድ በሬ ወጣ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት በዚያ ዓመት ነው። እናም ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የሰቀልኩት በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ነበር፦ «በዚህ ቤት ፊርማ አይገኝም።» ከደብሩ ማስታወቂያ ቀጥሎ ደባርቅ ላይ ብዙ ሰው ያነበበው ጽሑፍ ይኸው ይመስለኛል።

ሚስቴ ባንቻምላክ ትባላለች፤ ባንቺ እንላታለን። የዳባት ልጅ ናት። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ ከኮሌጅ በወጣች በወሩ አገባኋት። ዲፕሎማው ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ተሰቀለና ዘጠኝ ዓመት ሁለቱም እኩል አቧራ ጠጡ። በዘጠኙ ዓመት ሁለት ልጆች ወለደች፣ የሽንኩርቴንም መጋዘን ያዘች። ስንት ጆንያ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የቱ መብቀል ጀምሯል፣ የቱ ነገ ካልተሸጠ ይጣላል፣ የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ ምላስ ነበርኩ፣ እሷ ራስ። ይህንን ያኔ ብትጠይቁኝ ገልብጬ እነግራችሁ ነበር።

ከደባርቅ በላይ፣ ቡይት ራስ ያለ አንድ ሎጅ የስቶር ኃላፊ እንደሚፈልግ ከተማ ባለው ቢሮው በር ላይ ለጠፈ። ባንቺ አነበበችው። በማግስቱ ዲፕሎማውን ከግድግዳ አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ልወዳደር ነው» አለችኝ።

«ተወዳደሪ» አልኳት። ታሸንፋለች ብዬ አልነበረም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ማመልከቻ የሚያበቃው ሰኞ ነበር። ባንቺ በጠዋት ዳባት ሄደች፤ እናቷን ልትጠይቅ መስሎኛል። ስምንት ሰዓት ላይ ደወለች።

«ፍሬ ጋ ፖስታ አለ። ቢሮው ሳይዘጋ አድርስልኝ።»

«እሺ።»

«ጥጋቡ፣ ዝም ብለህ አድርስ።»

«ምን አደርገዋለሁ ብለሽ ነው?»

«አውቅሃለሁ እኮ።»

ፍሬ ከሱቄ ጎን የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ያላት ልጅ ናት። ደባርቅ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ በጣቶቿ በኩል ያልፋል። ፖስታውን ሰጠችኝ። አልታሸገም። አፉ ያልተሰፋ ጆንያ አይቶ እጁን የማይከት ነጋዴ አላውቅም። ከፈትኩት።

አንድ ገጽ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ የምትችለው ነገር። አለቀ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ገልብጬም ጀርባውን አየሁ። እኔ የለሁም። ልጆቹም የሉም። አግብታ ይሁን ሳታገባ፣ ዳባት ትወለድ ጅቡቲ፣ የሚታወቅ ነገር የለም። የሥራ ልምድ የሚለውን ሳየው ደግሞ የባሰ አገኘሁ፦ «በአንድ የግል የነጭ ሽንኩርት ንግድ ቤት፣ የመጋዘንና የመዝገብ ኃላፊ፣ ዘጠኝ ዓመት።» እንደ ባል የለሁም፤ እንደ አሠሪ አለሁ። ደመወዝ ደግሞ ከፍዬ አላውቅም።

«ፍሬ፣ ይሄ ነገር ጎደሎ ነው» አልኳት።

«ምኑ ጋሼ?»

«የግል መረጃው የታለ? ለሌላው ሰው ስትጽፊ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ጤንነት ትይ የለም?»

«ጽፌው ነበር። አውጪው አለችኝ።»

«ለምን?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ግን ሐሳቤ ቀድሞኝ ሄዷል። ሻጭ የሚደብቀው ምንድን ነው? ጉድለቱን ነው። ከጆንያ ሥር የሚገባው የላሸቀው ሽንኩርት ነው፤ ከላይ የሚታየው ደህናው። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ ከጆንያው ሥር ገባሁ ማለት ነው።

«ጻፊ» አልኳት።

«ጋሼ ጥጋቡ…»

«ጻፊ ስልሽ። የጋብቻ ሁኔታ፣ በተክሊል ያገባች። የባል ስም፣ ጥጋቡ። ከጎኑ ፈቃድ ያለው ነጋዴ በይበት። ልጆች፣ ሁለት። ሃይማኖት፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ። የትውልድ ቦታ፣ ዳባት። ጤንነት፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ጥርሷን እንኳ ታማ አታውቅም።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሲቪ ነው ወይስ የሠርግ መጥሪያ?»

«አንቺ ልጅ፣ ነጭ ሽንኩርት ከየት እንደመጣ ሳይነገርሽ ትገዢያለሽ? የዳባት ነው ሲሉሽ አይደል እጅሽ ወደ ቦርሳ የሚሄደው?»

«ሽንኩርት ባል የለውም።»

«ባለቤት አለው።»

ጻፈችው። የጥርሱን ነገር ብቻ ሳትነግረኝ ዘለለችው። አሳተምኩ፣ አሸግኩ፣ ራሴ ሄጄ ቢሮው ውስጥ አስረከብኩ። ስመለስ በመንገድ ላይ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። የጎደለ ሚዛን ያስተካከልኩ መስሎኛል።

ረቡዕ ለፈተና ጠሯት። እኔ መጋዘን ውስጥ ሽንኩርት ስለይ ገባች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ወረቀቴ ውስጥ ማን ገባ?»

የያዝኩትን ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከተትኩ።

«ጥጋቡ፣ ማን ገባ?»

«እኔ።»

«በር አልነበረውም እኮ። በየት ገባህ?»

«በፍሬ በኩል።»

አልሳቀችም።

«ሦስት ሰዎች ነበሩ የጠየቁኝ» አለች። «አንደኛው፣ ሁለት ልጆች አሉሽ፣ ሲታመሙ ማን ይይዛቸዋል አለኝ። ሁለተኛው፣ እላይ ሎጁ ማደር አለ፣ ባልሽ ይፈቅድልሻል አለኝ። ሦስተኛው፣ ባልሽ ነጋዴ ከሆነ ሥራ ምን ያደርግልሻል አለኝ። ስለ ስቶር አንድ ነገር ሳልጠየቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ያለፈው ዓመትም እንዲህ ነው የሆንኩት።»

«ያለፈው ዓመት የት?»

የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ጠራችልኝ። አስታወስኩ። ያኔ «አልተሳካም» ብቻ ብላኝ ነበር፤ እኔም «ይሻላል» ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ። ያኔ ሲቪዋ ላይ ሁላችንም ነበርን፤ እኔም፣ ልጆቹም፣ ጤንነቷም። የጠየቋትም ስለኛ ብቻ ነበር።

«ዛሬ አብረውኝ ከተፈተኑት አንዱ የአራት ልጆች አባት ነው። እሱን ማን ይይዛቸዋል ያለው የለም» አለች። «ያወጣኋችሁ አፍሬባችሁ አይደለም። እኔን አይተው እስኪጨርሱ ውጭ እንድትጠብቁኝ ነው።»

በመናኸሪያ ዘመኔ ብዙ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። እንደዚህች ቃል የከበደኝ አልነበረም።

«እና ቀረ?» አልኳት።

«ለምን ይቀራል? ባሌን የምትቀጥሩ ከሆነ ጥሩት፣ ሩቅ አይደለም፤ እኔን ከሆነ የስቶር ጥያቄ አምጡ አልኳቸው። የገቢና የወጪ ካርድ ዘርግተው ስህተቱን አውጪ አሉኝ። ሦስት ስህተት አስገብተውበት ነበር። አራት አወጣሁላቸው።»

«አራተኛው ምንድን ነው?»

«የራሳቸው ነው።»

መርጠዋታል። ግን የስቶር ሥራ ነውና ዋስ ጠየቋት። ንግድ ፈቃድ ወይም ደመወዝ ያለው ሰው፣ ኃላፊው ፊት ቀርቦ፣ ብታጎድል እኔን ጠይቁ ብሎ የሚፈርም። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካላመጣች ተጠባባቂው ይጠራል፤ ያ የአራት ልጆች አባት።

«ዋስ እኔ አለሁ» አልኩ። ቃሉን ከአፌ ስሰማው ራሴም ደነገጥኩ።

ባንቺ በመጋዘኑ በር አሻግራ ወደ ሱቁ ግድግዳ፣ ወደ ቀዩ ጽሑፍ ቀና አለች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ባል ለሚስት ዋስ አይሆንም። ኪሳቸው አንድ ነው ይላል ደንባቸው። ባሌ ማን እንደሆነ ደግሞ በጽሑፍ ደርሷቸዋል፣ ከነፈቃዱ።»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማዬን ገበያ ባወጣ ገዢ ጠፋ።

«ግድ የለም፣ ካንተ አልጠበቅሁም» አለች። «አያ ሞላን ለምኛቸዋለሁ። ስቶር ያለ ዋስ እንደማይሰጥ ስለማውቅ ሰኞ ዳባት የሄድኩት ለዚሁ ነበር። ነገ ይመጣሉ።»

አያ ሞላ የባንቺ እናት ወንድም ናቸው፤ ዳባት ላይ ወፍጮ አላቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩና አንድ ልማድ አልለቀቃቸውም፦ ፊታቸው የመጣን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን የዘይት ጄሪካን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው ስመኝ ደባርቅ ላይ የገንዘብ ያዥነት ሥራ አገኘች። አባት ለልጅ አይፈርምም፣ የከተማ ነጋዴ አምጪ ተባለች። አያ ሞላ ሱቄ ድረስ መጡ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ጣቴን ወደ ግድግዳው ቀሰርኩ። ቆመው አነበቡት፦ «በዚህ፣ ቤት፣ ፊርማ፣ አይገኝም።» ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ስመኝ ሥራው አመለጣት። ባንቺ አንድ ሳምንት ወጤን ያለ ጨው ሠራች። አያ ሞላ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ግራ ቀኙን ሁሉ ሰላም ይሉና እኔ ጋ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ሐሙስ ባንቺ «አንተ አትምጣ» አለችኝ። ቢሮው ውስጥ አልገባሁም። ከማዶ ከቆመ አይሱዙ ኋላ ጎማ እንደሚያይ ሰው ቆምኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ አያ ሞላ ሲያነቡ ደግሞ ከማዶ ይሰማል። ያልሰማሁትን ባንቺ ነግራኛለች።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ አባቴ» አለ ኃላፊው።

«የምፈርምላትን ሳላይ? ወረቀቷን አምጣልኝ።»

ፋይሉን ከፈተላቸው። ስሟን አነበቡ። ስልኳን ቁጥር በቁጥር አነበቡ። ትምህርቷን አነበቡና «ጎበዝ» አሉ። ከዚያ፦

«የግል፣ መረጃ። የጋብቻ፣ ሁኔታ፣ በተክሊል፣ ያገባች። የባል፣ ስም፣ ጥጋቡ። ፈቃድ፣ ያለው፣ ነጋዴ።»

ቆሙ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ባለቤቷ ናቸው አባቴ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ የሠርጉን ዳስ ያስጣልኩ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ምን ይሠራል ነው ያልኩህ።»

«የግል መረጃ ነው።»

«ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነኝ ይላል። ልጄ ዋስ ስትፈልግ ፈቃዱ የት ነበር? እኔ ያየሁት ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ለእህቴ ልጅ እፈርማለሁ። ግን ስሜ ከስሙ ሥር አይተኛም።»

«አያ፣ በሞቴ» አለች ባንቺ።

«አንቺን አልተቀየምኩም ልጄ። እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ።»

ሲወጡ ከአይሱዙው ኋላ አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። «ማመልከቻው ያንቺ ነው፣ ወረቀቱን መለወጥ ትችያለሽ» አላት። «ዋሱ ግን እዚህ ፊቴ ነው የሚፈርመው። ነገ ስድስት ሰዓት ካለፈ እኔም አዛዥ አለብኝ።»

ባንቺ ስትወጣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «አያ አንዴ ከተመለሱ በስልክ አይመጡም። ሌላ ዋስ እፈልጋለሁ» ብላኝ አለፈች። በየሱቁ ገባች። ጨርቃ ጨርቅ ቤት ገባች፣ ቆርቆሮና ምስማር ቤት ገባች፣ መድኃኒት ቤት ገባች። እኔ ከሱቄ በር ሆኜ አያታለሁ። ሁሉም ወንበር ሰጧት፤ ሁሉም አንድ ነገር ብለው ሸኟት፦ «ባልሽ ለማን ፈርሞ ያውቃል?»

ከአምስተኛው በር ባዶ እጇን ስትወጣ እኔ ፍሬ ቤት ገባሁ።

«ፍሬ፣ አውጪኝ።»

«ከየት?»

«ከባንቺ ሲቪ።»

«ልጆቹንስ?»

«እነሱም ይከተሉኝ።»

«ጤንነቱንስ?»

«ሁሉንም አልኩሽ።»

አዲሱን አተመችልኝ። ባንቺ ቤት ስትገባ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ፈረመችበት፣ መልሳ ሰጠችኝ። «አያ አይመጡም» አለች። «እኔ አመጣቸዋለሁ» አልኳት። የድሮው ሲቪ ቅጂ ፍሬ ጋ ነበር፤ እሱንም አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ነጋዴ ባዶ ጆንያ አይጥልም።

ዓርብ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ። አያ ሞላ ከነዱቄታቸው ወፍጮው ሥር ቆመዋል።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው፤ መጮህ ይፈልጋል።

«አያ ሞላ፣ በስመኝ ጉዳይ በድያለሁ» አልኩ።

«አይሰማም» አሉ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ደገምኩት። «አይሰማም» አሉ። ሦስተኛውን ባለኝ ድምፅ ጮህኩት። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አያ ሞላ ያኔ ሞተሩን አጠፉ። ከመጀመሪያው የሰሙኝ ይመስለኛል።

አዲሱን ሲቪ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ዱቄቱን ጠርገው፣ ጮክ ብለው ጨረሱት። ሴቶቹም አብረው ሰሙ።

«አሁን የእህቴ ልጅ ለብቻዋ ቆማለች» አሉ። «ደህና ወረቀት ነው።» ግን አልተነሱም።

ዞር ስል ስመኝን ሚዛኑ ጋ አየኋት። ቅንድቧ ዱቄት ሆኗል። ዲግሪ ያላት ልጅ ናት።

«ስመኝ ሥራ አልፈለገችም?» አልኩ።

«ፈልጋ ምን ታመጣለች» አሉ። «ካንተ ወዲህ ሁለት ቦታ ጠርተዋት ነበር። ዋስ ሲሏት ተመለሰች።»

«እኔ እፈርምላታለሁ።»

«ባንተ ቤት ፊርማ አይገኝም። አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ቤት ይገኝ።»

እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «ጻፈው» አሉ።

ኪሴን ስፈትሽ ያለኝ ወረቀት የድሮው ሲቪ ቅጂ ብቻ ነው። ገልብጬ ሚዛኑ ላይ ዘረጋሁትና ጻፍኩ፦ «እኔ ጥጋቡ፣ ስመኝ ሞላ ሥራ ባገኘች ቀን ዋስ እሆናታለሁ።» ልፈርም ስል እጄ ቆመ። የአባቴ በሬ፣ ከበረት ሲወጣ ያየሁት ጀርባው፣ ፊቴ መጣ። ያ ሰው የአክስት ልጅ ነበር፣ ይቺም የሚስቴ አጎት ልጅ ናት፤ ምን ልዩነት አለው? ምንም። ልዩነቱ ሲለምኑኝ የነበረው እኔ አሁን ለማኝ መሆኔ ነው። ፈረምኩ።

ስመኝ ወረቀቱን ተቀብላ ፊትና ጀርባውን አነበበች።

«ጋሼ፣ ይቺ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የምትለው ነገር» አለች፣ «በዚህኛው ፊት ብትሆን ይሻል ነበር።»

እውነቷን ነው። ከስሜ ቀጥሎ ጨመርኩላት። አያ ሞላ ወረቀቱን አራት አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት፤ የተሰለፈውን እህል ፈጭተው ሲጨርሱም ባርኔጣቸውን አነሱ።

መናኸሪያው ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሚኒባሱ ሦስት ሰው ይዟል፤ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። የኔ አይሱዙ ከመንገዱ ማዶ ለቆላው ሽንኩርት እየጫነ ነበር። ገና ግማሽ ነው። «ይበቃል፣ ሸራውን እሰሩት» አልኩ። የቀረው ሽንኩርት መሬት ላይ ቀረ፤ ለማን አደራ እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም። አያ ሞላ ከፊት ተቀመጡ። እስከ ደባርቅ ያልተነበበ የመንገድ ምልክት፣ ያልተነበበ የጎማ ቤት ሰሌዳ የለም። ሾፌሩ አንዴ ወደኔ ዞሮ «እኚህ አባት ፍጥነት ቀንስ የሚለውን ሲያነቡ እግሬ ራሱ ይነሳል» አለኝ።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ለስድስት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ባንቺ ውስጥ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። አያ ሞላ ገቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

በመስኮቱ ሰማኋቸው። ሲቪውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ስልኳን ቁጥር በቁጥር። ከዚያ የዋስትናውን ቅጽ፣ አንቀጽ በአንቀጽ። ኃላፊው «አባቴ፣ ሰዓቱ» አለ። «ልጄ፣ ሳይነበብ የተፈረመ ነው አገር ያጠፋው» አሉት። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ እኔ የበሩን እንጨት ይዣለሁ። ሰባተኛው ላይ ኃላፊው ተጠባባቂውን ሊጠራ ስልኩን አንስቶ ነበር፤ ባንቺ ናት ያየችው። ከዚያ ድምፁ ቆመ፣ የእስክሪብቶ ጭረት ተሰማ። ለስድስት አራት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ጥቂት ቆይታ ባንቺ ወጣች።

«ግባ» አለችኝ።

«ምን ላደርግ?»

«እኔን አይተው ጨርሰዋል። አሁን የሠራተኛ ቅጽ እየሞላሁ ነው። አደጋ ቢደርስብኝ የሚጠራ ሰው፣ የልጆች ብዛት፣ ሁሉንም ይፈልጋሉ። የስልክህን ቁጥር ራስህ ንገራቸው።»

ገባሁ። ቁጥሬን ነገርኳቸው። ኃላፊው «ሥራዎ?» አለኝ። «ሽንኩርት እሸጣለሁ» አልኩት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አሁን ፍሬ ቤት የሚመጡ ልጆች ይህን ታሪክ ስለሰሙ አንዳንዴ ወደኔ ሱቅ ብቅ ይላሉ። «ጋሼ፣ ያገባሁ ልበል? ሃይማኖቴን ልጻፍ?» ይሉኛል። እኔ የተማርኩት መናኸሪያ ነው፣ የማውቀውን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ሽንኩርት ሲመዘን ጆንያው ይቀነሳል። ጆንያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያለሱ ሽንኩርቱ ከዳባት ደባርቅ አይደርስም። ግን ገዢው የሚከፍለው ለሽንኩርቱ ነው። ባል ጆንያ ነው፣ ሚስትም ጆንያ ናት፣ የትውልድ ቀበሌም እንዲሁ። ቅጹ በግልጽ ከጠየቃችሁ መልሱ፣ እንዳትዋሹ። ያልጠየቃችሁን ግን ሚዛን ላይ አታውጡ። ተመዝናችሁ ካለቀ በኋላ የሚነገርበት ሌላ ወረቀት አለ።

የሰው ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ደግሞ ዝም ብላችሁ አድርሱ።

ባንቺ በሳምንት ሁለት ቀን እላይ ሎጁ ታድራለች። ልጆቹ ሲታመሙ ማን እንደሚይዛቸው አሁን ይታወቃል፤ የትንሿ ሙቀት ሲጨምር ጆሮዋን እንደምታሻሽ እኔም ተምሬያለሁ። የመጋዘኑን መዝገብ የምትይዝ ሠራተኛ ቀጥሬ በየወሩ ስከፍል፣ ባንቺ ዘጠኝ ዓመት ምን ያህል ስትሰጠኝ እንደነበር ገብቶኛል። ስመኝ ከስምንት ወር በኋላ ደባርቅ ላይ ሥራ አገኘች። በጠዋት ሱቄ መጣች፣ አብረን ሄድን፣ እኔም አንዱን አንቀጽ ሳልዘል ድምፅ አውጥቼ አንብቤ ፈረምኩ። አሁንም በመንገድ ሳያት የአባቴ በሬ ትዝ ይለኛል። ሰላም ብያት አልፋለሁ።

ስሜ ባንቺ ሲቪ ላይ የለም። በሠራተኛ ቅጿ ላይ አለ። በስመኝ ዋስትና ላይ አለ። ቀዩ ሰሌዳ ከወረደበት ግድግዳ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።